ዘይቱ የት ይገባል?

መኪናዋ ዘይት ትጠጣለች። ችግሩ ይኸው ነው፤ ሲናገሩት አጭር፣ ሲኖሩበት ረጅም።

ባለቤቷ መጀመሪያ የጠረጠረው ማፍሰስን ነው። ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጠፈ፤ ጠዋት ካርቶኑ እንደ ደረቀ ተገኘ። የሞተሩን ጎንና ጎን በነጭ ጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁ አቧራ እንጂ ዘይት አላነሳም። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ቅባት ፈለገ፤ ውሃው ኩልል ያለ ነበር። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ ሲያይ፣ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ ይጠብቀዋል። ውሃ ቢሆን ተነነ ይባላል። ድመት ጠጣችው እንዳይባል ክዳኑ የጠበቀ ነው። ታዲያ ዘይቱ የት ይገባል?

መልሱን የሰጠው አንድ የማያውቀው ባለ ሞተር ሳይክል ነው። ቀይ መብራት ላይ ደረሰበትና መስኮቱን አንኳኩቶ፣ ሳሉን እየታገለ፣ «ወንድሜ፣ የሚቃጠለው ቤት ነው ወይስ መኪና?» አለው።

በጎን መስታወት ወደ ኋላ አየ። ከማርሚታው፣ ማለትም ከጭስ ማውጫው፣ ሰማያዊ ጭስ እየተጥመለመለ ይወጣል።

ጭስ ይናገራል፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶ ሳይቃጠል ወጥቷል ማለት ነው። ነጭ ሆኖ አልበተን ካለ ውሃ ገብቷል። ሰማያዊ ከሆነ ግን የሚቃጠለው ዘይት ነው። ዘይቱ መሬት ላይ ያልተገኘው ለካ ሰማይ እየወጣ ኖሯል! ሰውየው ጭንቀቱን ለጊዜው ረስቶ በግኝቱ ተደሰተ። የጠፋ ነገር ያለበትን ማወቅ ግማሽ ማግኘት ነው ብሎ አሰበ። ሌላው ግማሽ እንዴት እንደሚከብድ ገና አልገባውም ነበር።

ይህን ሰው ሰፈሩም ደንበኞቹም የሚያውቁት ጠብታ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሥራው የስፌት ማሽን ጥገና ነው። ስሙን ያወጡለት ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ አፍንጫዋ የረዘመ ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ ከደረት ኪሱ አትለይም፤ ሊጠግን የተጠራበት ማሽን ቀርቶ በአጠገቡ ያለፈውን ማሽን ሁሉ «አንድ ጠብታ ላድርግለት» ሳይል አያልፍም። ሲጥ የሚል የበር ማጠፊያ ካየማ አለቀለት። አንዲት ልብስ ሰፊ ሚስቱን፣ «ባልሽ ቤት ሲገባ ይስምሻል ወይስ ዘይት ያደርግብሻል?» ብላ ጠየቀቻት አሉ። ሚስቱም፣ «ካልጮህኩማ መኖሬንም አያውቅ» ብላ መለሰችላት።

ልማዱ ከእናቱ የመጣ ነው። እናቱ ዕድሜዋን የገፋችው የደንብ ልብስ በሚሰፋበት አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እሱም ያደገው ከማሽኗ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቶ ነው። ያስተማረችው የመጀመሪያ ትምህርት «ማሽን ሲጠማው ይጮኻል፤ ጮኾ ሳይለምንህ አጠጣው» የሚል ነበር። ለስፌት ማሽን ይህ እውነት ነው። ዘይት ካነሰው ብረት ብረትን ይበላል። ቢበዛበት ግን ጣጣ የለውም፤ ትርፉ ከሥር ይንጠባጠባል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ብጣሽ ጨርቅ ላይ ጥቂት ሲሰፋ መርፌው ይጠራል። በዚያ ሙያ ውስጥ «ዘይት በዛበት» የሚባል በሽታ የለም።

መኪናዋን የገዛትም ለእናቱ ነው። እናቱ ከመታጠቢያ ቤት ደጃፍ ተንሸራትታ ከወደቀች ወዲህ ዳሌዋ ውስጥ ብረት አለ። በዱላ ትራመዳለች፤ እግሯን ከፍ ማድረግ ግን አትችልም፤ በጠባብ ቦታ መታጠፍም አትችልም። አውቶቡስ ለመሳፈር ሞከረች፤ መወጣጫው ላይ ቀረች። ታክሲ ተጠራላት፤ ግማሽ አካሏ ገብቶ ግማሹ ውጭ እንደቀረ እያቃሰተች፣ «አውጡኝ፣ ይህ መኪና ሳይሆን የደብዳቤ ሣጥን ነው» አለች። ስለዚህ ጠብታ አሮጌ መኪና ለመፈለግ ሲወጣ እሷን አስከትሎ ሄደ። አንዱ ሻጭ፣ «እናትህን ይዘህ የመጣኸው መኪና ልትገዛ ነው ወይስ ልጄን ልታጭ?» እያለ ሳቀበት። ሌላው ሰው መኪና ሲገዛ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፤ ጠብታ እናቱን አስቀምጦ ፊቷን አየ።

የዚህችኛዋ የፊት ወንበር ዝቅ ያለና እንደ ሶፋ የተንጣለለ ነው። በሯ እንደ ቁም ሣጥን ወለል ብሎ ይከፈታል። እናቱ ጀርባዋን ሰጥታ ቁጭ አለች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አስገባች፣ ከዚያም ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። «ይቺ ናት» አለች። ሻጩም፣ «ዘይት እንኳ አትጠይቅም» ብሎ ማለ። ጠብታ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ትዝ ያለው ቤት ከደረሰ በኋላ ነው።

እናቱ የምትሄደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከከተማው ማዶ ካለው ዳገት አናት፣ እህቷ ዘንድ። የጠብታ አክስት ከእናቱ ትበልጣለች፤ በዚያው አዳራሽ ጎን ለጎን ሲሰፉ ነው ያረጁት። አዳራሹ ውስጥ የማሽኑ ጩኸት አያነጋግርምና ሁለቱ እህቶች የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ፤ አንዷ የሌላዋን መዳፍ ትይዝና በጣቷ ፊደል ትጽፍበታለች። አለቃው በኋላቸው ሲያልፍ የስንቱን ሰው ሐሜት እንደ ጨረሱ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። ኋላ ጩኸቱ የአክስቱን ጆሮ ወሰደው፤ እርጅና ደግሞ ዓይኗን አከለበት። አሁን አልጋ ላይ ናት። ስልክ አይሰማት፣ ፎቶ አያሳያት። ዓለም ወደ እሷ የሚገባበት የቀረ በር ያ መዳፏ ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቀው ጣት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ጎረቤቷ ትንከባከባታለች፣ ታበላታለች፣ ታጥባታለች፤ መጻፉን ግን ብትሞክረውም አልሆነላትም። «አክስትህ እኮ እጄን ትመታኛለች» ትላለች፤ «ፊደል ስስት እንደ ድሮ መምህር ነው የምትቆጣው።»

እንግዲህ ይህች መኪና ከቆመች የሚቆመው ምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ጠብታ መኪናዋን ጋራዥ ወሰዳት። የጋራዡ ባለቤት ጆሮ ይባላል። አንድ ረጅም ብረት አለው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚህ መካከል የሚያናግረው ሰው ካለ በእጁ ዝም ያሰኘዋል፤ የገዛ ሚስቱንም ሳይቀር።

«አስነሣት» አለ። አስነሣት። «አሁን እግርህን ጫን።» ጫነ፤ ጋራዡ ሰማያዊ ሆነ።

«ስትነሣ ነው የምታጨሰው ወይስ ዳገት ላይ?»

«ዳገት ላይ ይብሳል።»

ጠብታ ማብራሪያውን ሲጠብቅ ማስታወሻ እንደሚይዝ ተማሪ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያስረዱት ነፍሱ ነው። ጆሮም ሰሚ ሲያገኝ አይጠላም። ዘይት ወደ እሳቱ ክፍል የሚገባባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው አለው፤ ከላይና ከታች። ከላይ የሚገባው በቫልቮቹ ዙሪያ ያለው ትንሽ ጎማ ሲደርቅ ነው፤ ያን ጊዜ መኪናው ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ቀስ ብሎ ይወርድና ጠዋት ሲነሣ አንዴ ቡፍ ብሎ ይጠራል። ከታች የሚገባው ግን በፋሻው በኩል ነው።

«ፋሻ ማለት» አለ ጆሮ፣ አሮጌ ፒስቶን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ «እነዚህ ቀለበቶች ናቸው። ፒስቶኑ ሽቅብ ቁልቁል ሲል የሲሊንደሩ ግድግዳ በዘይት ይርሳል፤ መራስም አለበት። የታችኛው ፋሻ ትርፉን ዘይት እየጠረገ ይመልሳል፤ የመስኮት መጥረጊያ ጎማ አይተሃል? እንደዚያ። ሲያልቅ ወይም ጥላሸት ቦታው ላይ ሲያጣብቀው አይጠርግም። ያልተጠረገው ይቃጠላል። እግርህን በጫንክ ቁጥር የበለጠ ይቃጠላል።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሞተሩ ይወርዳል፣ ይፈታል፣ አዲስ ፋሻ ይገባል።»

«እና?»

«እናማ የሷን ፋሻ የሠራው ፋብሪካ ራሱ መሥራቱን ረስቶታል። ተፈልጎ፣ ተጠይቆ፣ ሲመጣ ይመጣል። እስከዚያ መኪናህ እዚህ ጥግ ላይ ሆዷ ተከፍቶ ትቆያለች።»

«እስከ መቼ?»

ጆሮ ብረቱን በጨርቅ ጠረገ። «እዚያ የምታያትን ነጯን መኪና ባለቤቷ ሲያመጣት ጠጉሩ ጥቁር ነበር» አለ።

ጠብታ መኪናዋን ይዞ ተመለሰ። ሲመጣ ይመጣል የሚባለው ለዕቃ ነው፤ አክስቱ ግን በየሳምንቱ ትንሽ እየከሰመች ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰው የነገረውን ሁሉ ሞከረ። ወፍራም ዘይት አደረገ፤ ጠዋት ሞተሩ ከእንቅልፉ እንደ ተቀሰቀሰ ሽማግሌ እያቃሰተ ይነሣል፤ ጭሱ ጥቂት ቀናት ጋብ አለና ተመለሰ። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቢያምኑት ሙት የሚያስነሣ የጠርሙስ መድኃኒት ጨመረ፤ ጠርሙሱ ባዶ ሆነ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። የሞተሩን መተንፈሻ ፈትቶ አጠበ። ይህን የሠራው በደስታ ነው፤ ምክንያቱም ሞተርም ይተነፍሳል! ከፒስቶኖቹ በታች የሚጠራቀመው ትኩስ አየር በአንዲት ቱቦ ወጥቶ እንደገና ወደሚቃጠልበት ክፍል ይገባል፤ ቱቦዋ ከታፈነች ዘይቱን በየቀዳዳው ትገፋዋለች። ታጠበች፣ ነፋባት፣ እንደ ፉጨት ጠራች። ጭሱ ግን ያው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ከሁሉም በላይ ግን በእጁ ያለውን መድኃኒት አልረሳም፤ ጠዋት ጠዋት መለኪያውን ይመዛል፣ ከምልክቱ በታች ያገኘዋል፣ ይሞላል። ጆሮ «ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ለካ» ስላለው ከዚያ ውጭ በሌላ ሰዓት ለክቶ አያውቅም። ቤቱ ያለበት መንገድ ቀጥ ያለ አቀበት ነው። መኪናዋም ሁልጊዜ ፊቷን ሽቅብ አድርጋ ነው የምትቆመው፤ እንዲያ ስትቆም የእናቱ በር ከግቢው መውጫ ጋር ይገጥማል። ሚስቱ በሩን በዳሌዋ ደግፋ ትይዛለች፤ እናቱ ትገባለች። ሌላ አቋቋም ታስቦም አያውቅ።

ነገሩ የተገለጠው አክስቱ ቤት ነው። ያን ቀን ዳገቱን ሊጨርሱ የመጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ፣ መሪው ሥር ያለችው ቀይ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም አለች። መብራቷ ስትበራ «ዘይት አልደረሰኝም» ማለቷ ነው።

«ምንድን ናት እሷ?» አለች እናቱ።

«ምንም አይደለችም፣ እማዬ።»

«ምንም ላልሆነች መብራት ፊትህ እንዲህ ይነጣል?»

እንደ ምንም ደረሱ። እናቱን አስገባት። አክስቱ ገና ዱላው በሩን ሲነካ የወለሉ ንዝረት ተሰምቷት ነው መሰል፣ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ መዳፏን ዘረጋች። እናቱ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠች ትጽፍባት ጀመር። አክስቱ ትንሽ አዳመጠችና፣ ድምፅዋን መመጠን ካቆመች ቆይታለችና፣ ጎረቤት በሚሰማው ጩኸት፣ «ያቺ ሌባ! እኔ ድሮም ብዬሻለሁ!» ብላ ሳቀች።

ጠብታ መኪናዋ ወደ ቆመችበት ግቢ ወጣ። የአክስቱ ግቢ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ደልዳላ ሜዳ ነው። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ፣ ዘንጉ ደርቆ እንደሚወጣ እርግጠኛ ሆኖ መዘዘው።

ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ እስከ ዘንጉ ወገብ ድረስ ነበር።

ጠረገው፣ መልሶ ከተተው፣ መዘዘው። ያው ነው። ጠዋት ቤት ሲለካው ከታች ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጨመረው ግማሽ ኩባያ ነው፤ ዳገት ወጥታ ዘይት የምትወልድ መኪና የለችም። ጭንቅላቱን ይዞ ቆመ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ገብቶ ጎረቤቲቱን ጎድጓዳ ሳህን ለመናት፣ ውሃ ቀድቶ በሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው፤ አንድ ጠጠር አንሥቶ በአንደኛው ጫፍ ከሥሩ ሸጎጠበት። ውሃው ከፍ ካለው ጫፍ ሸሽቶ ወደ ሌላው ሄደ። ከፍ ባለው ጫፍ ጣቱን ነከረ፤ ጣቱ ሳህኑን ነካ እንጂ አልራሰም ማለት ይቻላል።

«ምን ሆነሃል?» አለች ጎረቤቲቱ በመስኮት። «ሳህኑን ማጠብ ከሆነ አንዴ በሳሙና አድርገው።»

ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር። የሞተር ዘይት ተጠራቅሞ የሚቀመጠው ኮፓ በሚባለው ከሥር ባለ ገንዳ ነው። በዚህች መኪና መለኪያው ዘንግ የሚገባው በገንዳው የፊት ጫፍ ነው። መኪናዋ ፊቷን ሽቅብ አድርጋ ስትቆም ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዘንጉ ሞልቶ ሳለ «ጎድሏል» ይላል። ጠብታም እናቱ እንዳስተማረችው፣ ሳይለመን አጠጣ።

የሞተር ዘይት ሲበዛ ደግሞ እንደ ስፌት ማሽን አይንጠባጠብም። ከሥር የሚሽከረከረው ከባድ ዘንግ ይደርስበትና እንቁላል እንደሚመታ ሹካ ይመታዋል፤ ዘይቱ አረፋ ይሆናል። አረፋ አያለሰልስም፤ መብራቷ ብልጭ ያለችው ለዚህ ነው፤ ዘይት ጎድሎ ሳይሆን ተትረፍርፎ። የተመታው ዘይት በዚያች በታጠበች መተንፈሻ ቱቦ በኩል ወደ እሳቱ ይሄዳል፤ ይቃጠላል፤ ጥላሸት ይሆናል፤ ጥላሸቱ ፋሻዎቹን ይበልጥ ያጣብቃል። ጠብታ ይህን ሁሉ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ ብሎ በቅደም ተከተል አሰበው። እያንዳንዱ ነገር ከቀጣዩ ጋር እንደ ማሽን ጥርስ ሲገጥም ሊያጨበጭብ ምንም አልቀረው። የመጨረሻው ጥርስ የራሱ እጅ ሆኖ ሲያገኘው ግን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

ትርፉን ዘይት አስወጣ። ጭሱ ሲቀንስ መንደሩ ሁሉ አየው። ሚስቱ፣ «ዛሬ ልብስ ላሰጣ ነው» ብላ ጎረቤት አበሠረች። ጠብታም መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ወስዶ መለካት ጀመረ፤ ከመንገዱ ጫፍ፣ የዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት። ደስታው ግን አልቆየም። በትክክል ሲለካም ዘይቱ ይጎድላል፤ አሁን የሚጎድለው እውነተኛው ነው።

ጆሮ ታሪኩን ሰምቶ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንጋለለ። «እሷ በፊትም ሱሰኛ ነበረች፤ አንተ ደግሞ በነፃ መጠጥ ቤት ከፈትክላት!» ከዚያ የጠብታን ፊት ሲያይ ሳቁን አቆመ። «ይሁን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ፋሻው ተበልቶም ይሆናል፣ ተጣብቆም ይሆናል። ሳይፈታ አላውቅም።»

«ብረቱ አይነግርህም?»

«ብረቱ የሚነግረኝ እንደምታምማት ነው። የት ድረስ እንደሆነ አይነግረኝም።»

ቤት ሲደርስ ለእናቱ ነገራት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይሸፍን፣ ግን ደግሞ ነገሩን ከየት እንደ ተማረው ጠቀስ አድርጎ። እናቱ ዱላዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«እኔ የነገርኩህ ስለ ስፌት ማሽን ነው» አለች። «አውሮፕላን ብታበር ኖሮ በኔ ልታሳብብ ነበር?»

«አላሳበብኩም፣ እማዬ።»

«አሳብበሃል። ግድ የለም። ቅዳሜ እንሄዳለን?»

«እንሄዳለን።»

ባለፈው ቅዳሜ ግን አልደረሱም። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንድ እግሩ እንዳጠረ ሰው ያነክሳል። ጠብታ ዳር ይዞ ካንዴላዎቹን ፈታ። እሳት የምትረጨው የካንዴላ ጫፍ ንጹሕ መሆን አለባት፤ አንደኛዋ ግን በጥቁር ዘይት ተለውሳ ወጣች። በጨርቅ ጠረጋት፣ ቦረሻት፣ መለሳት። መቶ እርምጃ ያህል ሄደው እንደገና አነከሰች። እንደገና ፈታ፣ ጠረገ፣ መለሰ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩምባቸውን ነፉ። አንዱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ሬሳ ነው የምትጎትተው? ቅበራት!» አለው።

እናቱ ቁልቁል ወደ ከተማው፣ ሽቅብ ወደ ዳገቱ አየች። የእህቷ ቤት ቆርቆሮ ከዛፎቹ መካከል ይታያል። በእግር ለደህና ሰው ቅርብ ነው። «አትድከም ልጄ» አለችው ቀስ ብላ። «እንመለስ።»

ማታ ጎረቤቲቱ ደወለች። አክስቱ ቀኑን ሙሉ እጇን ከብርድ ልብሱ ውጭ ዘርግታ ዋለች፤ ምሳ ሊያጎርሷት ሲሉ እንኳ ያን እጅ አላስነካ ብላ። «ለምን እንዳልመጣችሁ ልነግራት ብዬ መኪና የሚለውን መዳፏ ላይ ጻፍኩላት» አለች ጎረቤቲቱ። «መታችኝ። ተሳስቼ ይሆናል።»

ጠብታ ስልኩን ዘግቶ የዘይት ቆርቆሮዋን ከኪሱ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ሚስቱ አየችው። ከተጋቡ ጀምሮ ያቺ ቆርቆሮ ያለ ሥራ ስትቀመጥ አይታ አታውቅም።

«ሌላ የቀረ ነገር የለም?» አለችው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ብዙ ዘመን ሳይሠራ የተቀመጠ ስፌት ማሽን ሲመጣለት አሮጌው ዘይት እንደ ሙጫ ደርቆ መዘውሩ አልዞር ይላል። ያን ጊዜ በጉልበት አይገፋም፤ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ነጭ ጋዝ ያንጠባጥባል፣ ይተወዋል፣ ይጠብቃል፣ በእጁ ትንሽ ያዞረዋል፣ እንደገና ይጠብቃል። ብዙዎቹ ይላቀቃሉ። ይህን ለጆሮ ቢነግረው ጆሮ አልሳቀም። ጋዝና ቀጭን ዘይት ቀላቅሎ በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ማፍሰስ፣ ፒስቶኖቹ አናት ላይ ማስተኛት፤ የድሮ መካኒኮችም ያደርጉት ነበር አለው።

«ፋሻው ተጣብቆ ከሆነ ሊለቅ ይችላል። ተበልቶ ከሆነ ግን በጸሎትም አይሞላም። ደግሞ ስማ፤ ጋዙ እየሰረገ ኮፓው ውስጥ ይገባና ዘይቱን ያቀጥነዋል። ዘይቱን ሳትቀይር እንዳታስነሣት። ስታዞራትም ወደ ፊት ብቻ፤ ወደ ኋላ እንዳታዞር። ማሽን አይደለችም።»

«ማሽን እንዳልሆነች ተምሬያለሁ» አለ ጠብታ።

ዛሬ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናዋ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ደልዳላው ላይ ቆማለች፤ ኮፈኗ ተከፍቷል፣ ካንዴላዎቿ በጋዜጣ ላይ ተደርድረዋል። ከትናንት ጀምሮ ጋዙን አጠጥቷታል፤ በየጊዜው ጎንበስ ብሎ በየቀዳዳው በባትሪ ያያል። በአንደኛው ቀዳዳ ፈሳሹ ቶሎ ይወርዳል፤ በሌሎቹ እንደ ኩሬ ተኝቷል። ቶሎ መውረዱ ፋሻው ስለ ለቀቀ ይሁን ስለ ተበላ አያውቅም። ይህን የሚለይበት መንገድ ቢኖር ምንኛ በወደደ፤ ጠይቋል፣ አስቧል፣ የለም። የሚታወቀው ስትነሣ ብቻ ነው።

እናቱ ቤት ቁጭ በይ ብትባል እምቢ ብላ፣ በሚስቱ ትከሻና በዱላዋ ተደግፋ ቁልቁል ወርዳ፣ የፊት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። «የማያመኝ እዚህ ብቻ ነው» አለች። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ የቆሙት ሰዎች ሞተሯ የተከፈተ መኪና ውስጥ ለመንገድ ለብሳ የተቀመጠችውን አሮጊት ያዩና ጠብታን ያያሉ።

ጠብታ ትልቁን መፍቻ ከሞተሩ ፊት ካለው ብሎን ላይ አጠለቀ። ወደ ፊት ሳበ። ሞተሩ እምቢ አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እየተለጠጠ፣ ዞረ።

«ዞረልህ?» አለች እናቱ በመስኮት።

«ዞረ።»

«ከበፊቱ ቀለለ?»

መፍቻውን ይዞ አሰበ። ቀለለ ሊላት ፈለገ። እጁ የብረትን ጠባይ ያውቃል፤ በዚህኛው ብረት ግን እጁንም አያምነውም። «አላውቅም፣ እማዬ» አለ።

«እሺ። ጠብቅና ደግመህ አዙር።»

ጋዝ ጨመረ። ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየ። ቀና ሲል እናቱ ግራ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በቀኝ ጣቷ ቀስ እያለች ትጽፍበታለች፤ ለእህቷ የምታደርሰውን ወሬ ከወዲሁ እያሰናዳች፣ አንዳንዱን እየሰረዘች። ጠብታ መፍቻውን ብሎኑ ላይ መልሶ አጠለቀ።